ለደከመው አንባቢ የተጻፈ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ የአንድ ጀማሪ ደራሲን አጭር ልብ ወለድ አንብቦ ሲጨርስ «ክፉ አይደለም፤ ግን ያው የመጽሔት ጽሑፍ ነው» አለኝ። ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገውም። ቶሎ ተጽፎ፣ ቶሎ ተነቦ፣ ቶሎ የሚረሳ ማለቱ ነው። እኔ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ አለኝ። የምጠራቸው ምስክሮች በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ መጽሔቶች ላይ የወጡ አጫጭር ልብ ወለዶች ናቸው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ጁን 9 ቀን 1865 ቻርልስ ዲከንስ የተሳፈረበት ባቡር ስቴፕልኸርስት በተባለ ስፍራ ከሐዲዱ ወጣ። ሠራተኞች ድልድይ ሲጠግኑ ሐዲዱን ነቅለውት ነበር፤ አለቃቸው ባቡሩ የሚደርስበትን ሰዓት አሳስቶ አንብቦ ኖሯል። አሥር ሰዎች ሞቱ። ዲከንስ የነበረበት ፉርጎ ከድልድዩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሱ ግን ወጥቶ፣ በባርኔጣው ውኃ እየቀዳ ቁስለኞችን ሲያጠጣ ቆየ። ከዚያች ቀን ወዲህ ባቡር ውስጥ ሲቀመጥ ድንገት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በ1866 የገና ሰሞን፣ «ኦል ዘ ይር ራውንድ» በተባለው የራሱ መጽሔት ልዩ እትም ላይ «ምልክት ሰጪው» የተባለ አጭር ታሪክ አወጣ። ባለታሪኩ ግራና ቀኙ ገደል በሆነ የሐዲድ መስመር ላይ፣ ከዋሻ አፍ አጠገብ ብቻውን የሚሠራ የባቡር ምልክት ሰጪ ነው። በዋሻው አፍ አንድ ጥላ እየቆመ ክንዱን ያወዛውዝለታል፤ ጥላው በታየ ቁጥር ሞት ይከተላል። አሁን ደግሞ ታይቷል። ሰውየው አደጋ እንደሚመጣ ያውቃል፤ የትና እንዴት እንደሚመጣ ግን አያውቅም። አደጋ አለ ብሎ ቴሌግራፍ ቢመታ፣ «የት? ምን ዓይነት?» ሲሉት የሚመልሰው የለውም። ያበደ ይመስላቸዋል። የሰው ሕይወት በእጁ ያለ፣ አንድም ሥልጣን የሌለው ሠራተኛ ጭንቀት እንዲህ ተጽፎ እኔ ሌላ ቦታ አላነበብኩም።

እንግዲህ ይህ የመጽሔት ጽሑፍ ነው። ለበዓል ገበያ፣ በቀነ ገደብ፣ ከሌሎች ጸሐፍት ሥራ ጋር ተጠርዞ የወጣ ነው። ሰዎች ገዝተውት በገና ምሽት እሳት ዳር ተሰብስበው አነበቡት። እነሆ ከ150 ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ያስደነግጣል።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ እንዴት በዛ? መልሱ ከፊሉ በግብር ላይ ነው። በእንግሊዝ ጋዜጣ የቴምብር ቀረጥ ነበረበት፤ በ1855 ተነሣ። የወረቀት ቀረጥም በ1861 ተሻረ። ኅትመት ረከሰ። በባቡር ጣቢያዎች መጻሕፍትና መጽሔት የሚሸጡ መደብሮች ተከፈቱ፤ ደብልዩ ኤች ስሚዝ የተባለው ድርጅት በለንደኑ ዩስተን ጣቢያ የከፈተው በ1848 ነው። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ ደግሞ ማንበብ የሚችለውን ሕዝብ አበዛው። በዚያ ዘመን አዲስ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ በሦስት ቅጽ ተጠርዞ፣ የሠራተኛው ኪስ በማይደፍረው ዋጋ ይሸጥ ነበር። ዲከንስ በ1850 የጀመረው «ሃውስሆልድ ዎርድስ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ግን ዋጋው ሁለት ፔኒ ነበር።

ዋጋው ሲወርድ ጥራቱ አብሮ አልወረደም። እኔ ዘወትር የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ጎበዝ አዘጋጆች፣ ሁለት ፔኒ የከፈለ አንባቢ ሁለት ፔኒ የሚያወጣ ጽሑፍ ይበቃዋል አላሉም። በዚሁ መጽሔት የ1852 የገና እትም ደራሲዋ ኤልዛቤት ጋስኬል «የሞግዚቷ ታሪክ» የተባለውን የሙታን መንፈስ ታሪክ ስታቀርብ፣ ዲከንስ መጨረሻውን እንድትለውጥ ተከራከራት። መናፍስቱን ሕፃኗ ብቻ ብታያቸው ይሻላል አለ። ጋስኬል ሁሉም ያዩአቸዋል ብላ በአቋሟ ጸናች፤ ታሪኩም እሷ እንደፈለገችው ታተመ። ለአንድ የበዓል እትም፣ ለአንዲት የመጨረሻ ትዕይንት ሁለት ታላላቅ ደራሲዎች ይህን ያህል ተሟገቱ። አንባቢን ማክበር ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ነውሩንም አልደብቅም። በ«ሃውስሆልድ ዎርድስ» ገጾች አናት ላይ የሚታተመው የዲከንስ ስም ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ጸሐፍት ስማቸው አይወጣም። የጋስኬልም ሥራ እዚያ ሲታተም ስሟ አልወጣም። ብዙ ሴቶች ቤተሰባቸውን በብዕራቸው እያስተዳደሩ፣ ጽሑፋቸው በየቤቱ እየተነበበ፣ ማንነታቸው ሳይታወቅ ኖረዋል። ማርጋሬት ኦሊፋንት ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን፣ ኋላም የወንድሟን ልጆች ያሳደገችው እየጻፈች ነው። ከታተመው ብዙው ተራ ነገር እንደነበርም አልክድም። ግን በሦስት ቅጽ ከተጠረዘው ውስጥስ ስንቱ ዛሬ ይነበባል?

ሁለተኛው ምስክሬ «ዘ ስትራንድ ማጋዚን» ነው። ጆርጅ ኒውንስ በጃንዋሪ 1891 ሲያወጣው፣ ሌሎች ወርኃዊ መጽሔቶች አንድ ሽልንግ በሚሸጡበት ጊዜ ዋጋውን በግማሽ ቆርጦ ስድስት ፔኒ አደረገው፤ ገጾቹንም በሥዕል ሞላቸው። በዚያው ዓመት አርተር ኮናን ዶይል የሚባል፣ ለንደን ውስጥ የዓይን ክሊኒክ ከፍቶ በሽተኛ ያጣ ሐኪም ሁለት ታሪኮች ላከ። ባለታሪኩ መርማሪው ሼርሎክ ሆልምስ ነበር።

የዶይል ሐሳብ ቀላል ነው፤ ግን የአንባቢውን ኑሮ ከማወቅ የመጣ ነው። ተከታታይ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው አንድ እትም ካመለጠው ገመዱ ይበጠስበታል። ታመመ፣ ገንዘብ አጠረው፣ መንገድ ሄደ፤ ሲመለስ ታሪኩ ጥሎት ሄዷል። ስለዚህ ዶይል ባለታሪኩ አንድ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ታሪክ ግን በራሱ ያለቀ እንዲሆን አደረገ። ወር የዘለለው አንባቢ አይቀጣም፤ አዲስ የመጣውም እንግዳ አይሆንም። ከሥራ ወደ ቤት በሚወስድ ባቡር ላይ አንድ እንቆቅልሽ ተጀምሮ፣ ተሳፋሪው ሳይወርድ ይፈታለታል። ዛሬ በየቴሌቪዥኑ የምናየው፣ በየሳምንቱ አዲስ ጉዳይ የሚይዘው መርማሪ ሁሉ በዚህ መንገድ ይሄዳል።

በ1891 መጨረሻ ግን ዶይል ሆልምስ ሰለቸው። ልገድለው ነው ብሎ ለእናቱ ጻፈ። እናቱ አጥብቀው ተቃወሙት፤ ለአንድ አዲስ ታሪክ የሚሆን ሐሳብም ለገሱት፤ ያማረ ጸጉሯን እንድትቆረጥ ስለምትገደድ ወጣት። ዶይልም ተጠቀመበት። ሆልምስ በእናት ምልጃ ሁለት ዓመት ተጨመረለት ማለት ነው። በዲሴምበር 1893 በስዊዘርላንድ ፏፏቴ አፋፍ ላይ የሞተ ጊዜ የአንባቢው ቁጣ ከባድ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰዎች የመጽሔቱን ደንበኝነት አቋረጡ ይባላል። ዶይል በ1901 እንደገና ወደ ሆልምስ ተመለሰ።

ሰው የናቀውን ነገር እንዲህ አይቆጣለትም። የእነዚያ አንባቢዎች ቁጣ የፍቅር ቁጣ ነው። በወር አንድ ቀን ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ወዳጅ ቀርቶባቸዋል።

ወዳጄ «የመጽሔት ጽሑፍ» ሲል ያልታየው ይህ ነው። የገጽ ቁጥር መወሰኑ ደራሲውን ትርፍ ቃል እንዳያባክን አስተማረው። ቀነ ገደቡ ሥራውን ከመሳቢያ አውጥቶ ለሰው እንዲሰጥ አስገደደው። የዋጋው መርከስ ከዚያ በፊት መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውን ሰው አንባቢ አደረገው። ዛሬም አንድ ደራሲ በአሥር ገጽ ሙሉ ዓለም ሲሠራ፣ አዘጋጁም ለአንዲት የመጨረሻ ትዕይንት ሲከራከር ባይ ምኞቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ለማንበብ የሚተርፈው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ያ ግማሽ ሰዓት ትርፍራፊ ነገር የሚጣልበት አይደለም፤ ካለን ሁሉ ምርጡ የሚገባው ነው።

ዲከንስ ያን የገና ታሪኩን ሲጽፍ በዋሻው አፍ ያቆመው መስፍን ወይም ባለርስት አይደለም። ፋኖስና ባንዲራ ይዞ፣ ሌሊቱን ሁሉ ሰው የማያየውን ኃላፊነት የሚሸከም የባቡር ሠራተኛ አቆመ። በየመስመሩ ላይ እንደሱ ያሉ ብዙ ሠራተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ያን እትም በጥቂት ፔኒ ገዝቶ፣ ባቡር ካለፈ በኋላ ባለው ጸጥታ በፋኖሱ ብርሃን የራሱን ጭንቀት ሊያነብ ይችል ነበር።