ፊታችን የመርፌ መለማመጃ አይደለም

እህቶቼ፣ እኔም እንደናንተ የሰው ቤት የምሠራ፣ አይን ሻምስ የምኖር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ትምህርቴም ከ10ኛ ክፍል አላለፈም። ግን ያየሁትን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሁለት ወር በፊት በዕረፍት ቀኔ ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አንዲት ልጅ የተሞላ መርፌ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። «ቦቶክስ ነው፣ ግንባራችሁን ያለሰልሳል፣ ሐኪም ጋ ከምትከፍሉት በግማሽ» አለች። ሦስት እህቶች እዚያው ምንጣፍ ላይ ተወጉ። በሳምንቱ የአንዷ የዓይን ቆብ ወረደ። ማዳሟ «በሽታ አለብሽ» ብላ አስወጣቻት። የወጋችው ልጅ ስልኳን ዘግታለች።

ይሄ ነገር ቅባት አይደለም፣ መርዝ ነው። በደንብ ባልተሠራ ፊሲኽ ውስጥ የሚገኘው መርዝ ዘመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እዚሁ ካይሮ ፊሲኽ በልተው 91 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 18ቱ ሞተዋል። ሐኪም በጣም ጥቂቱን ለክቶ ሲሰጠው መድኃኒት ይሆናል፤ አሜሪካ በ2002 ለቅንድብ መሃል መስመር ፈቅዳዋለች። እዚያው አሜሪካ ግን በ2024 በየቤቱና በየውበት ሳሎኑ የተወጉ 22 ሴቶች ታመው 11ዱ ሆስፒታል ተኝተዋል።

«ወዲያው ይሠራል፣ አይለቅም» የምትላችሁ ትዋሻለች። ከ3 እና 4 ቀን በኋላ ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ይሞላል፣ በ3 ወይም 4 ወር ይለቃል። ጡንቻውን ነው የሚያዝለው፣ ቆዳ አያድስም። ራስ ምታትና መበለዝ ሐኪም ጋም ያጋጥማል። ቆብ ከወረደ ሳምንታት መጠበቅ ነው። ያረገዘችና የምታጠባ አትወጋ። መድኃኒቱ በጠርሙስ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ፊታችሁ ከፍቶ ይበጥብጠው። ከቦርሳ የወጣ መርፌ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ተወግታችሁ መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ከከበዳችሁ አታመንቱ፣ በ123 አምቡላንስ ጥሩ።

«ድሃ መዋብ አይገባውም ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። ይገባዋል እንጂ! የቆዳ ሐኪም ጋ ሄዳ በገንዘቧ የምትወጋውን አልኮንንም። እኔ የምቃወመው ርካሽ ነው ተብሎ እህት በእህቷ ፊት ላይ ስትነግድ ነው። ያቺ ልጅ የቆጠበችው ግማሽ ዋጋ ሥራዋን አስከፈላት።

ደግሞስ ለማን ብለን ነው? ደላላው እንደ በግ ጥርስ ፊታችንን እያየ «አርጅተሻል» ስላለን ነው። እኔ 28 ዓመቴ ነው፣ ግንባሬ ላይ መስመር አለ። ያ መስመር ሌሊት 7 ሰዓት ተኝቼ 11 ሰዓት በመነሳት የመጣ ነው። ለሱ መድኃኒቱ እንቅልፍና የዕረፍት ቀን ነው፤ እሱን አብረን እንጠይቅ።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ከእንግዲህ በቡናችንም በስብሰባችንም ላይ መርፌ ይዛ የምትመጣ ብትኖር፣ ጓደኛችንም ብትሆን፣ በሩን እናሳያት። ሥራዋን ላጣችው እህታችን ደግሞ ቤት እስክታገኝ እናዋጣላት።