«ምክትሉ ይቀጥል!» ከማለታችን በፊት

አዘና ባሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች አንድ ዋና አሰልጣኝ ሲባረር የሚነሳውን ክርክር በደንብ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት «ምክትሉማ ምን ያውቃል? ኮን ሲደረድር የኖረ ሰውዬ!» ይባላል። ሁለት ጨዋታ ካሸነፈ ግን ያው ተናጋሪ «ልጆቹን የሚያውቃቸው እሱ ነው፣ ይሰጠው!» ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። ሦስተኛውን ሲሸነፍ ምን እንደሚባል እናንተው ታውቁታላችሁ።

እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገን የሚፈርደው በቂ ነገር ሳያይ ነው ባይ ነኝ። በጥቅምት 2017 ማንቸስተር ዩናይትድ ቴን ሃግን ሲያሰናብት ምክትሉ ቫን ኒስትልሮይ አራት ጨዋታ መራ፤ ሦስቱን አሸነፈ፣ አንዱን አቻ ወጣ። የዩናይትድ ደጋፊዎቻችን «አሞሪም ለምን ይመጣል?» ብለው ተንጨረጨሩ። ግን አራቱም ጨዋታ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ነበር፤ ከሦስቱ ድል ሁለቱ የተገኙት ደግሞ በሌስተር ላይ ነው። ወዲያው ያው ሌስተር ራሱ ቀጠረውና በዚያው የውድድር ዘመን ወረደ። ሰውዬው በአንድ ወር ውስጥ አልደደበም። እኛ ነን አራት ጨዋታ አይተን የፈረድነው።

ኢኮኖሚክስ ስማር የወደድኩት አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ባስ ተር ዌል የሚባል ኢኮኖሚስት ከ1986 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የነበረውን የሆላንድ ሊግ አጥንቶ ነበር። አሰልጣኝ ያባረሩ ቡድኖች ከዚያ በኋላ ተሻሽለዋል። ነገሩ፣ እንደነሱ ወድቀው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩትም ተሻሽለዋል! ቡድን ከአቅሙ በታች ሲጫወት ከርሞ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ በዚያን ሰዓት አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተገኘው ሰው ይመሰገናል።

ታዲያ ምክትል አይችልም ማለቴ ነው? አይደለም። የራሳችንን ሊግ እንይ። በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመኑ ገና ሳይጋመስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰርቢያዊው ዝላትኮ ክራምፖቲች ጋር ተለያየና ቡድኑን ምክትሉ ዘሪሁን ሸንገታ ተረከበ። ጊዮርጊስ ከ2009 ወዲህ ርቆት የነበረውን ዋንጫ አነሳ፤ በ2015ም ደገመው። የሚገርመው ደግሞ እስከ መጨረሻው ሲያሳድደው የነበረው ፋሲል ከነማም፣ ሻምፒዮን ያደረገውን ሥዩም ከበደን አሰናብቶ ቡድኑን ለምክትሉ ለኃይሉ ነጋሽ ሰጥቶ ነበር። ማለትም የዋንጫው ፍልሚያ በሁለት የቀድሞ ምክትሎች መካከል ሆነ። እኛ ጋ የጊዮርጊስና የፋሲል ደጋፊ አንድ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ያ ዓመት አይረሳም። ግን በሁለቱም በኩል «ፈረንጅ ይምጣልን»፣ «ስም ያለው ሰው ይምጣልን» የሚል አልጠፋም ነበር።

ዘሪሁን ከቫን ኒስትልሮይ የሚለየው በእውቀት ነው አልልም፤ ማን ይለካዋል? የሚለየው ጊዜ ማግኘቱ ላይ ነው። ሳምንት ከሳምንት ሠርቶ፣ ተሸንፎም ተነስቶ፣ የሚፈረድበት ነገር ኖረው።

«በጊዜያዊነት» የምትለዋ ቃል የምታናድደኝ ለዚህ ነው። ለቦርዱ ርካሽ ኢንሹራንስ ናት። ካሸነፈ «እኛ መረጥነው»፣ ከተሸነፈ «ድሮም ጊዜያዊ ነበር»። ምክትሉ ግን የዋና አሰልጣኝ ጫና በምክትል ደሞዝ ይሸከማል፤ ተጫዋች ማስፈረም አይችልም፣ የዝግጅት ጊዜ አላገኘም። ነገ ወደ ኮን መደርደሩ ሊመለስ የሚችልን ሰው ደግሞ የትኛው አንጋፋ ተጫዋች ይፈራዋል?

ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት መሆኑንም አትርሱ። የሚባረረው አሰልጣኝ ቀሪ ደሞዝም፣ የሚመጣው አዲስ ሰው የፊርማ ገንዘብም ከዚያው ኪስ ነው የሚወጣው። ክለቡ የግል ቢሆን «የራሱ ጉዳይ» እል ነበር። መንገዱ ያልተሠራለት ነዋሪ የሚከፍለው ከሆነ ግን ጉዳዩ የኳስ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ምክትል ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «ይችላል፣ አይችልም» የሚለውን ለጊዜው ልተወውና ቦርዱን ሁለት ነገር ልጠይቅ። እስከ መቼ ነው የሰጣችሁት? ካፒቴኑን ቤንች ላይ ቢያስቀምጥስ ከጎኑ ትቆማላችሁ?