በመስቀል መንገድ ላይ ሳናያቸው ስለምናልፋቸው ጥንታውያን ቦታዎች



የመስከረም አጋማሽ ሲደርስ መርካቶ ውስጥ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ የሚገባው ነጋዴ ምን ያህል እንደሚጣደፍ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔም የአንድ ንግድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን የቡታጅራን መንገድ ስለ ሒሳብ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር በዚያው መንገድ ስናልፍ ታናሺቱ ልጄ የጢያን ትክል ድንጋይ የሚያመለክተውን ሰሌዳ አንብባ «አባባ፤ ድንጋዮቹን ማን ተከላቸው?» ብላ ብትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ። የቡናንና የቆዳን ዋጋ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ሰው በዚህ አፈረ።

ስለዚህ አሠሪዬን ባስፈቅድ የሱቁን የዕቃ ማመላለሻ ሚኒባስ ለሁለት ቀን ሰጡኝ። የኋላ ወንበሮቹን አውርደን ፍራሽ ዘረጋንበት፤ ቡታጋዝ፤ ውሃ በጄሪካን፤ ዳቦና በሶ ጫንን። በውጭ አገር ቤተ ሰብ ሁሉ የሚያድርበትን መኪና በብዙ ገንዘብ ይገዙታል፤ እኛን ግን ከነዳጅና ከመግቢያ ዋጋ በቀር ያስወጣን ነገር የለም። (ሌሊቱ መብረዱንና ባለቤቴ ስለዚሁ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።)

የመጀመሪያው ማረፊያችን ከአዲስ አበባ 50 ኪሎሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለው መልካ ቁንጥሬ ሆነ። ቦታውን በ1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ጄራርድ ዴከር አገኘው፤ ከ1965 ጀምሮም ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት አስቆፈረው። የጥንት ሰው ሁሉ በዋሻ የኖረ ይመስለን ነበር። ዋሻማ በድሬዳዋ ፖርክ ኤፒክ፤ በባሌም ሶፍ ዑመር አለ፤ በመልካ ቁንጥሬ ግን ሰዎች የኖሩት በወንዝ ዳር በሜዳ ላይ ነው፤ የቀድሞው ዱካቸውም ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት በጭቃ ላይ የታተመ የሕፃናት እግር ዱካ ጭምር መገኘቱን ስነግራቸው ልጆቼ ጫማቸውን አውልቀው የገዛ እግራቸውን አፈሩ ላይ ለኩ።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ባልጩት ነው። በአጠገቡ ያለው መንደር ስሙን ያገኘው ከዚሁ እንደ ጥቁር ጠርሙስ ከሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚህ አካባቢ ሰዎች ባልጩት እየጠረቡ መጥረቢያ ብቻ የሚያወጡበት የሥራ ቦታ ነበራቸው፤ እንግዲህ ይህ ከእኛ ተራዎች ሁሉ የሚቀድም ተራ መሆኑ ነው። በጉራጌ አገር ቆዳ ፋቂዎችም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በባልጩት ይፍቁ ነበር። ቆዳ ወደ ውጭ የምትልኩ ወንድሞቻችን ይህን ድንጋይ አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትይዙት አትጸጸቱም። መልካ ቁንጥሬና ባልጩት በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን ተሳልመን ወደ ጢያ ደረስን። በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ሐውልቶች 36 ሲሆኑ ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ በብዙዎቹም ላይ ሰይፍ ይታያል። ሕዝቡ የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ከሥራቸው የተገኙት መቃብሮች ግን ከግራኝ ዘመን የሚቀድሙ ናቸው፤ የተቀበሩትም አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ስለዚህ ለልጄ የሰጠኋት መልስ ግማሽ ብቻ ነው፤ የቅርጾቹን ፍች ሊቃውንቱም ገና አልጨረሱትም።

ነጋዴ ለድንጋይ የሚሆን ጊዜ የለውም የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ አልቀበለውም። ለአንድ ካርቶን ሳሙና ዋጋ ግማሽ ቀን የምንከራከር ሰዎች ግማሽ ቀን ለልጆቻችን አጣን ማለት አያምርብንም። ደግሞም በጢያ ሳለን ለልጆቹ ማስታወሻ የምትሆን አንዲት ፖስትካርድ ፈልገን አላገኘንም። ይህን የሚያነብ ባለማተሚያ ቤት ካለ ጉዳዩን ያስብበት። ምክር ቤታችንም ስለ እነዚህ ቦታዎች በአማርኛ አንድ ቅጠል ወረቀት አሳትሞ ከመስቀል በፊት በየሱቁ ቢያድል ወጪው ከባድ አይሆንም።

የእኛ ቤት በመጪው መስቀል አንድ ቀን አስቀድሞ ሊነሣ ተዘጋጅቷል። አሠሪዬም ልጆቻቸውን ይዘው አብረውን ሊመጡ ቃል ሰጥተዋል፤ ሚኒባሷ ስለማትበቃን ግን ሁለተኛ መኪና እንፈልጋለን።