የእናቶች የሕይወት ታሪክ ለምን ያጥራል?

«ወ/ሮ እገሊት ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወ/ሮ እገሊት በሸዋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ ትዳር መሥርተው ልጆች አፍርተዋል፤ የልጅ ልጅም ለማየት በቅተዋል። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው...» በአቃቂ ቃሊቲ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የአንዲት አረጋዊት እናት ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ስሙ ብቻ ቢቀየር ለጎረቤታቸውም ያገለግላል።

የባልየው ሲነበብ ግን ወረቀቱ ይረዝማል። ሥራ የጀመሩበት ዓመት፣ የደረሱበት ደረጃ፣ ጡረታ የወጡበት መሥሪያ ቤት፣ ያገኙት የምስክር ወረቀት ሳይቀር ይጠራል።

ይህ ልዩነት አቃቂን በመሰለ ሰፈር ላይ ጎልቶ ይታያል። ከጂቡቲ የተነሣው ባቡር በ1907 ዓ.ም. አቃቂ ሲደርስ ለአዲስ አበባ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሠራተኛ ሰፈር ሆነ፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ፋብሪካው ተከተሉ። ከሴቶቹ ጥቂት የማይባሉት ራሳቸው ፈረቃ ገብተው ፈትል ሲቀጥሉ ያደሩ ናቸው። ሌሎቹ እንጀራ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ጉልት ዘርግተው ደመወዝተኛውን አበሉ፤ በዚያችው ገንዘብ ልጅ አስተማሩ። መቃብር አፋፍ ላይ ይህ ሁሉ «ደግና ሩኅሩኅ እናት ነበሩ» በሚል አንድ መስመር ይጠቃለላል።

ታሪኩ ሲነገር ምን እንደሚመስል ለማየት ወ/ሮ አበበች ጎበናን ማስታወስ ይበቃል። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ ተወለዱ፤ አባታቸው ገና በአራስነታቸው በጣልያን ጦርነት ወደቁ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩም ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ። በ1973 ዓ.ም. ግድም ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ወሎን ረሃብ አድቅቆት አገኙት። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጠበል አካፍለው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው የገቡት ልጆች 21 ደረሱ፤ በኋላ የመሠረቱት ትዳርም በዚሁ ፈረሰ። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ የጀመሩት ሥራ በስማቸው የሚጠራውን ድርጅት ወለደ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ አገር «እናታችን» ብሎ ሸኛቸው። እዚህ ላይ ስለ ደግነታቸው አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ግን ማንም አይስተውም። ዳቦው፣ ጠበሉ፣ ቆሎው ይናገራሉ።

ሁሉም እናት ድርጅት አታቋቁምም። ሁሉም እናት ግን ያደረገችው ነገር አለ፤ ችግሩ ጠያቂ ማጣቷ ነው።

ብዙ የልጅ ልጆች የአያታቸውን የክርስትና ስም የሚሰሙት ካህኑ ለፍትሐት ሲጠይቅ ነው። ወለተ ማርያም ይሁኑ አመተ ሚካኤል ለማወቅ ወደ ንስሐ አባታቸው ይደወላል። ዕድሜያቸውም እንዲሁ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የእነርሱ ዕድሜ የሚቆጠረው «ጣልያን ሲገባ»፣ «ጃንሆይ ሲመለሱ» እየተባለ ነው። ያንን ቆጠራ የሚያውቁት ደግሞ ሟቿ ራሳቸው ነበሩ።

ቤተሰብ ለእናቱ አይሰስትም። ለአርባው፣ ለሰማንያው፣ ለሙት ዓመቱ በሬ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ አንዳንዱም ተበድሮ ይደግሳል። ተዝካሩ ይቅር ማለት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ጸሎቱም፣ የነዳያኑ ማዕድም የራሱ ቦታ አለው። ለድግስ ሳምንታት የሚደክም ቤተሰብ የሕይወት ታሪኩን ሌሊት ድንኳን ውስጥ፣ በእንባ መሀል፣ አንድ የተማረ የአክስት ልጅ ፈልጎ ማስጻፉ ግን ያስገርማል።

«እናቶቻችን ውዳሴ ከንቱ አይወዱም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሰጡት ምጽዋት እንዲወራ አይፈልጉም። ነገር ግን በየዕለቱ ስንክሳር የምታነብ ቤተ ክርስቲያን ናት ያሳደገቻቸው። የቡልጋዋ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበሩ፤ ገድላቸው ተጽፎላቸዋል። የሰውን ሕይወት በዝርዝር መጻፍ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም።

መጀመር የሚችለው ዕድሩ ነው። መዝገብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የየቤቱን ቤተሰብ በስም ያውቃል። ከመዝገቡ ጎን ለአረጋውያን አባላት አንድ ገጽ ቢከፍት ወጪው ከአንድ ደብተር አያልፍም። የት ተወለዱ? አዲስ አበባ በምን ገቡ? የመጀመሪያ ገንዘብዎን በምን ሥራ አገኙ? ማንን አሳደጉ? የክርስትና ስምዎ ማን ነው? ጥያቄውን የልጅ ልጅ ይዞ ቡና ሲፈላ ቢቀመጥ፣ ስልኩንም ለመቅጃ ቢያውለው፣ አያት መጀመሪያ «ምን አለኝና» ማለታቸው አይቀርም። ሁለተኛው ስኒ ላይ ግን ስለዚያ ስለ ማታው ፈረቃና ስለ አለቃው ጠባይ ይጀምራሉ፤ ልጆቻቸውም ከጓዳ ሆነው «እሱ እንኳ እንደዚያ አልነበረም» እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩም ይጻፍ።