ለምርምር ስለ ተሰጠ ገንዘብ አጠባበቅ

ለምርምር የሚሰጥ ገንዘብ ስጦታ ቢባልም አደራ ነው። ሰጪው ለምን ሥራና እስከ መቼ እንዲውል በውል ይወስናልና፤ ለበሽታ ጥናት የተሰጠው ለጽሕፈት ቤት ዕቃ ቢውል፥ ማንም ወደ ኪሱ ባያስገባው እንኳ ውሉ ፈርሷል።

በ2001 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፋይናንስ አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 648 በየመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ኦዲት ሥራ እንዲካሄድ አዟል። ሆኖም ወጪ ጠያቂው፥ ፈቃጁ፥ ከፋዩና መዝጋቢው አንድ ሰው በሆነበት ስፍራ ቍጥጥር አለ ለማለት አይቻልም። መርማሪውም አንዱን ወጪ ከውሉ እስከ ደረሰኙ፥ ከደረሰኙም እስከ ዕቃው ተከትሎ ማግኘት አለበት።

ለደሴ ሌላም ትምህርት አለ። በ2014 ዓመተ ምሕረት፥ በጥቅምት ወር፥ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት በተያዙ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርስቲ ንብረት ተዘርፏል፥ ተበላሽቷልም። የጠፋ ዕቃ በገንዘብ ይተካል፤ ደረሰኝ ሲጠፋ ግን ንጹሑ ሰው ንጽሕናውን የሚያስረዳበትን ያጣል። ስለዚህ የሒሳቡ መዝገብ ግልባጭ በሌላ ከተማ ተጠብቆ ሊኖር ይገባል።

ቍጥጥር ለታመነ ሰው ምስክሩ ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰናዳ ሹም፥ የዋናው ኦዲተር ጥያቄ በመጣ ቀን መልስ ቢያጣ የሚወቅሰው ራሱን ነው።