የቤተሰብ ዓምድ፦ ልግስና በሰልፍ ላይ አይታዘዝም
በአንድ የጦር ሰፈር የምትኖር እኅታችን ለዚህ ዓምድ አጭር ደብዳቤ ልካለች። ባለቤቷ በማለዳ ሰልፍ ላይ ስሙ ተጠርቶ፣ «አንተስ ስንት ትሰጣለህ?» ተብሎ በጓዶቹ ፊት ተጠየቀ፤ ከአቅሙ በላይ ቃል ገብቶም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ገንዘቡ የታሰበው ለአካል ጉዳተኞች ነው። «መስጠቱን አልጠላሁም፤ ነገር ግን የልጆቹ ደብተር መግዣ ነበር። በሥራ ሰዓት እንዲህ ማድረግ ይገባልን?» ስትል ትጠይቃለች። ጥያቄው የብዙዎች በመሆኑ አቋማችንን በግልጽ እንናገራለን።

በመሠረቱ ርዳታ ማሰባሰብ ለወታደር ባዕድ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ከደጅ ደርሶ ነበር። በየግንባሩ የወደቀውን ቁስለኛ ያከሙት የቀይ መስቀል አምቡላንሶች ከአገር ውስጥም ከውጭም በተገኘ ልግስና የተደገፉ ነበሩ። ስለዚህ ወታደር ልግስናን በሰጪነት ብቻ ሳይሆን በተቀባይነትም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከቀይ መስቀል ሰባት መሠረታዊ መርሆዎች አንዱ በጎ ፈቃደኝነት መሆኑን ልብ ይሏል። ፈቃድ የሌለበት ስጦታ ግብር እንጂ ርዳታ ሊባል አይችልም።

ይህን ፈቃድ የሚያጠፉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ማዕረግና ጠመንጃ ናቸው። አለቃ «እባክህ» ቢልም የበታቹ ጆሮ የሚሰማው ትእዛዝ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ኃላፊ የበታቹን በግል ገንዘብ እንዳይጠይቅ የሚከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው። በኬላ ላይ የቆመ ዘብ የርዳታ ትኬት ቢዘረጋስ? ሾፌሩ ለማን እንደሚሰጥ አይጠይቅም፤ ማለፊያ እንደ ከፈለ ቆጥሮ ይሄዳል። ዘቡም ሳንቲም ሲቆጥር ዓይኑ ከግዳጁ ላይ ይነሣል። የተረኛው ሰዓት የራሱ አይደለም፤ ደመወዙን የከፈለው ሕዝብ ንብረት ነው።

አንዳንዶች መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኛውና ሠራዊቱ ከደመወዛቸው እያስቆረጡ መሳተፋቸውን ያነሣሉ። ይሁንና በዚያን ጊዜ ቦንድ የገዛ ሰው ያበደረ ነው፤ ሰነዱ በእጁ ይቀራል። ለምጽዋት የተሰጠ ገንዘብ ግን አይመለስም። ስለሆነም የበለጠ ፈቃድና የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ጎርፍ ወይም ድርቅ ደርሶ ክፍሉ እህል እንዲያጓጉዝ ሲታዘዝ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ራሱ ግዳጅ ነው። ከዚያ ውጭ ግን ርዳታ የሚሰበሰበው በጽሑፍ ሲፈቀድ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭና ያለ ጦር መሣሪያ መሆን አለበት። መዝገቡን አዛዡ አይያዝ፤ ስምም በሰልፍ ላይ አይጠራ። የሰጠ ደረሰኝ ይቀበል፤ ያልሰጠ አይጠየቅ። ድምሩና የደረሰበት ቦታ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ይህ ሥርዓት ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በየሰፈሩ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ያቋቋሙት እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሒሳቡም በአባላቱ ፊት ይነበባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ሁሉም የራሱን ሎሚ ወዶ ሲያነሣ ነው።

ስለዚህ ጓዶች፣ ለተቸገረ ወገን ከመዘርጋታችን በፊት ከትዳር ጓደኛ ጋር እንምከር፤ አቅማችንን አውቀን እንስጥ። አዛዦችም ለጋስነታቸውን የበታቻቸውን ኪስ በመክፈት ሳይሆን የራሳቸውን በመክፈት ያሳዩ።