የኮሌስትሮል መድኃኒት የቁርጥማት መድኃኒት አይደለም!

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ አቶርቫስታቲን ሩማቶይድንና ሉፐስን ያድናል ይባላል፤ የበፊቱን መድኃኒቴን ልተወው?»

አትተዉት!

ወሬው መነሻ የለውም አልልም። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ኮሌስትሮልን ከመቀነስ አልፈው ብግነትንም በመጠኑ ያበርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በስኮትላንድ ግላስጎ 116 የሩማቶይድ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ለ6 ወር አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ከወሰዱት 31 በመቶው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 10 በመቶው መሻሻል አሳዩ። ወሬ አቀባዩ እዚህ ላይ ያቆማል። ታማሚዎቹ ግን የቀድሞ መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ ስታቲኑ በላዩ ላይ የተጨመረ ነው። ያም ሆኖ ከወሰዱት ከ10 ሰው ወደ 7ቱ በቂ ለውጥ አላገኙም። በሉፐስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት 200 ታማሚዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሎ፣ አቶርቫስታቲን የበሽታውን እንቅስቃሴ እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ታዲያ በዚህ ማስረጃ ሜቶትሬክሴትን ማስጣል ምን ይባላል? «የካንሰር መድኃኒት ነው» እያሉ የሚያስፈራሩም አሉ። ለሩማቶይድ የሚታዘዘው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ በአነስተኛ መጠን ነው። ሲቋረጥ በሽታው መገጣጠሚያውን ይበላል፤ የተበላ መገጣጠሚያ አይመለስም። ጣቷ ተጣምሞ ሊጥ ማቡካት ላቃታት እናት በኋላ «ተሳስተናል» ማለት ምን ይጠቅማታል? ሉፐስ ሲሆን ደግሞ ኩላሊት ሊሄድ ይችላል።

ስታቲን ራሱ የጡንቻ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። በጣም አልፎ አልፎም ሰውነት የራሱን ጡንቻ እንዲያጠቃ ይቀሰቅሳል። ለፈውስ የዋጡት ክኒን ሌላ ተመሳሳይ በሽታ ሲጭር አስቡት!

ይህን ስል ስታቲን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሩማቶይድ ያለበት ሰው ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው በአማካይ ወደ 1.5 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበላችሁ፦ ጣት ብቻ አይታችሁ አትሸኙ፤ ግፊት ለኩ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል እዘዙ። ስታቲን የሚታዘዘው ለልብና ለደም ሥር ነው። ቦታው እዚያ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከዶሮ ማነቂያና ከፒያሳ አካባቢ ተነስታችሁ ሌላ ሰፈር የገባችሁ፣ በተለይ እናንተን ላስጠንቅቅ። የለመዳችሁት ሐኪም ሲርቅ ቅርብ የሚሆነው የጎረቤት ምክርና የመድኃኒት መደብር ባንኮኒ ነው። መድኃኒታችሁ ሳያልቅ ካርዳችሁንና የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሪፈር ጠይቁ።

ያዙልኝ፦
✅ ሜቶትሬክሴትም ሆነ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያለ ሐኪም አታቋርጡ።
✅ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።
✅ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ ስለ ሜቶትሬክሴትና ስለ ስታቲን ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።
✅ ስታቲን ጀምራችሁ ጡንቻችሁ ከታመመ፣ ከደከመ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ ፈጥናችሁ ታዩ።
✅ «ሩማቲክ» የተባላችሁት የልብ ከሆነ በሽታው ሌላ ነው፤ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የምትወስዱትን የፔኒሲሊን መርፌ ስታቲን አይተካውም።

ቁርጥማት ያለበት ዘመድ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!